ድምፁ እንዳይቋረጥ፦ በኔትወርክ ለሚሰራ ሳውንድ ሲስተም የቱ ባክአፕ ይሻላል?

ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች ሚገናኙበት ሳጥን) ነበረን። ሁለት ኬብል ነበረን። ስቴጅ ቦክሱም ሚክሰሩም በፕራይመሪና በሰከንደሪ፣ ማለትም በዋናውና በመጠባበቂያው ኔትወርክ፣ በትክክል ተሰክቶ ሶፍትዌሩ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ሰርግ ነው፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ደቂቃዎች ሲቀሩ አንድ ልጅ የቡና ምድጃ ሚሰካበት ሶኬት ሲፈልግ ከመድረኩ ጀርባ ያገኘውን ዲቫይደር ነቅሎ የራሱን ሰካ፤ ሁለቱም ስዊቾች እዛ ዲቫይደር ላይ ነበሩ። አዳራሹ ባንዴ ጸጥ አለ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ሁለት ኔትወርክ ዘርግቼ ሁለቱንም አንድ ሶኬት ላይ ነው ያንጠለጠልኳቸው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው "ሲስተሙ ሪደንደንሲ አለው ወይ?"፣ ማለትም አንዱ ሲበላሽ ሚተካ ሌላ መንገድ አለው ወይ፣ ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም መልሼ ምጠይቀው ሁለቱ መንገዶች የት ጋ ነው ሚገናኙት ብዬ ነው። አንድ ኬብል መሄጃ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ሬክ፣ ሚገናኙበት ቦታ ካለ እዛ ጋ ያላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከታች ያሉትን አማራጮች በሙሉ ምመዝናቸው በዚህ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ደሞ አንዱ ሲሞት ድምፁ ለስንት ጊዜ ይጠፋል ሚለው ነው፦ ማንም ሳይሰማው ሚያልፍ አለ፣ ሰከንዶች ሚቋረጥ አለ፣ ሰው ሮጦ ሄዶ ኬብል እስኪቀይር ሚጠበቅ አለ። ሶስቱም ቦታ ቦታ አላቸው፣ ሶስተኛውን የናቀ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውንም በትክክል አይሰራውም።

ይሄን ምጽፈው ለቸርች የሳውንድ ቲም፣ እቃ ለምታከራዩ፣ አዳራሽ ለምታስተዳድሩ፣ ውጪ ሀገር ሆናችሁ ለቤተክርስቲያናችሁ ሲስተም እንድትመርጡ ለተሰጣችሁ ሁሉ ነው። መሠረታዊ ነገሩን ታውቃላችሁ ብዬ ነው ምጀምረው፣ ማለትም ማይኩ ስቴጅ ቦክስ ላይ ይሰካል፣ ስቴጅ ቦክሱ በኔትወርክ ኬብል ወደ ሚክሰር ያመጣዋል፣ ከዛ ወደ አምፕሊፋየርና ስፒከር ይሄዳል።

መጀመሪያ ምን ምን እንደሚሞት

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የናንተ ቦታ ላይ ቶሎ ቶሎ ሚበላሸው ምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። እኔ እዚ አዲስ አበባ ስሰራ ያየሁት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ አንደኛ መብራት፣ ሁለተኛ ኬብልና የኬብል ጫፍ፣ ሶስተኛ ሰው የቀየረው ሴቲንግ፣ ከዛ በጣም ርቆ ስዊች፣ ከዛም ርቆ ሚክሰር። እና ብዙ ሰው ሚገዛው በተቃራኒው ነው፣ ሁለተኛ ሚክሰር ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባል፣ ስዊቹ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚይዝ እቃ) የለውም። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያላችሁ መብራቱን ከላይ ላታስቀምጡት ትችላላችሁ፣ ኬብሉ ግን እዛም ያው ነው፣ በር ይዘጋበታል፣ ወንበር ይቆምበታል፣ እየተጠቀለለ እየተፈታ ውስጡ ይቆረጣል።

ስለ ኬብል አንድ ነገር ልበል። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚገኘው ካት 6 ውስጥ ብዙው ውስጡ ንጹህ መዳብ ሳይሆን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቢሮ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለኢንተርኔት ቢሰራም መድረክ ላይ በየሳምንቱ ለሚጠቀለል ነገር ቶሎ ይሰበራል። ሁለት እንደዚህ አይነት ኬብል ከመዘርጋት አንድ ጥሩ ኬብል ይሻላል፣ ሁለት ጥሩ ደሞ ከሁሉም ይሻላል። በመዳብ ምትሄዱት እስከ 100 ሜትር ነው፣ ከዛ በላይ ለሆነ፣ ለምሳሌ መስቀል አደባባይን ሚያክል ሜዳ ላይ ለሚቆም ሲስተም፣ ፋይበር ነው፤ 1 ጊጋ በመልቲሞድ ፋይበር እስከ 550 ሜትር ይሄዳል። ፋይበር ሌላም ጥቅም አለው፣ መድረኩ በአንድ ጄነሬተር ሚክሰሩ በሌላ ጄነሬተር ሲሰራ በሁለቱ መሀል ኤሌክትሪክ ሚያስተላልፍ ምንም ነገር አይኖርም።

ዴዚ ቼይን፦ ርካሹ መንገድ

ብዙ የዳንቴ (ድምፅን በኔትወርክ ኬብል ሚያስተላልፍ አሰራር) እቃ ከኋላው ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ አለው፣ ከአንዱ ገብቶ ከሌላው ወደ ቀጣዩ እቃ ይሻገራል። ስዊች አያስፈልግም፣ አንድ ሚክሰርና አንድ ስቴጅ ቦክስ ካላችሁ ደሞ ከዚህ በላይ ቀላል ነገር የለም። ግን ባክአፕ ዜሮ ነው። ሶስት እቃ ተከታትሎ ቢሰካና መሃለኛው መብራት ቢጠፋበት ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እኔ ለሁለት እቃ ዴዚ ቼይንን በደስታ እጠቀመዋለሁ፣ ሶስተኛ ሲመጣ ስዊች አስገባለሁ፣ እና ሁሌም ሁለተኛ ኬብል ተዘርግቶ ጫፉ ሳይሰካ በሁለቱም በኩል ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ያ ኬብል በሌላ በኩል ዞሮ ይምጣ። የመጀመሪያው በግራ ከመጣ እሱ በቀኝ ግድግዳ። ይሄ በእጅ ሚቀየር ባክአፕ ነው፣ ሰው መሮጥ አለበት፣ ግን ምንም ካለማድረግ ጋር ስታወዳድሩት በደቂቃ ውስጥ ሚያድን ነገር ነው።

ቀለበት

ሁለተኛው ሀሳብ ስዊቾቹን በክብ ማገናኘት ነው፣ አንድ ቦታ ቢቆረጥ በሌላኛው ዙሪያ ይመጣል። ሲሰሙት ያምራል። ችግሩ ኢተርኔት በባህሪው ክብ አይወድም፣ ክብ ከሆነ ፓኬቱ (የዳታው ቁራጭ) እየዞረ እየተባዛ ኔትወርኩን ያንቀዋል፣ ስለዚህ ስፓኒንግ ትሪ ሚባለው ነገር ስዊቹ ውስጥ በርቶ አንዱን መስመር ዘግቶ ማስቀመጥ አለበት፣ ሲቆረጥ ደሞ የተዘጋውን ይከፍተዋል። የድሮው ስፓኒንግ ትሪ ይሄን ለማድረግ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ አዲሱ ራፒድ ሚባለው በደንብ ከተስተካከለ ከጥቂት ሰከንድ በታች ይጨርሳል። ግን በዛች ጊዜ ድምፁ ይጠፋል፣ ሁሉም ሰው ይሰማዋል፣ አንዳንዴም ክሎኩ (እቃዎቹ እኩል ሚራመዱበት የጋራ ሰዓት) እንደገና እስኪስማማ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ለጀርባ ሙዚቃ፣ ለሆቴል ኮሪደር፣ ለስልጠና አዳራሽ ምንም አይደለም። ለቀጥታ ስርጭት አይሆንም። ማኔጅድ ያልሆነ (ሴቲንጉ ማይነካ) ርካሽ ስዊች ላይ ደሞ ቀለበት በፍጹም እንዳትሞክሩ፣ የመጀመሪያውን ዙር እንደዘጋችሁ ሙሉ ሲስተሙ ይቆማል።

በሁለት ስዊቾች መሃል ሁለት ኬብል አድርጎ እንደ አንድ መስመር ማሰርም አለ፣ ሊንክ አግሪጌሽን ይሉታል። አንዱ ሲቆረጥ በሌላው ይቀጥላል፣ ከቀለበት ይፈጥናል፣ ቢሆንም ትንሽ መቆራረጥ ሊሰማ ይችላል። ስዊቹ ራሱ ከሞተ ደሞ ሁለቱም ኬብል አብረውት ሞቱ ማለት ነው። ለብቻው ሳይሆን ከሌላ ነገር ጋር ስትጨምሩት ነው ሚጠቅመው።

ሁለት የተለያየ ኔትወርክ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ዳንቴን የሰራው ኦዲኔት ሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው፣ እና ዳንቴ ላይ ፕራይመሪና ሰከንደሪ ሚባለው አሰራር ዛሬ በብዛት ሚታየው ባክአፕ ነው። ሀሳቡ እንዲ ነው፦ ላኪው እቃ እያንዳንዱን ድምፅ ሁሌም በሁለቱም መሰኪያ ይልከዋል፣ ተቀባዩም ከሁለቱም ይቀበላል፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ቀድሞውኑ እጁ ላይ ነው። ምንም መቀየር ሚባል ነገር የለም፣ መጠበቅም የለም፣ ስለዚህ ፕራይመሪውን ዘፈን መሃል ብትነቅሉት ሰው አይሰማውም። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱ ኔትወርኮች ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፣ የተለያየ ስዊች፣ የተለያየ ኬብል፣ የተለያየ መሄጃ፣ እኔ ደግሞ በራሴ ቁስል የተማርኩት የተለያየ ሶኬት።

ሰው ብዙ ጊዜ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ እቃ ከፋብሪካ ሲወጣ ወይ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲተወው ዴዚ ቼይን ሞድ ላይ ነው ሚሆነው፣ ያ ማለት ሁለቱ መሰኪያዎች ውስጥ ለውስጥ የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ያማሃ ሪዮ ስቴጅ ቦክስ ላይ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ፣ ከነሱ አንዱ ሁለተኛው መሰኪያ ዴዚ ቼይን ይሁን ሪደንደንት ሚለውን ነው ሚወስነው። ዴዚ ቼይን ላይ ያለ እቃ አንዱን እግሩን ፕራይመሪ ስዊች ላይ ሌላውን ሰከንደሪ ስዊች ላይ ከሰካችሁት ሁለቱን ኔትወርክ አንድ አደረጋችኋቸው፣ አንድ ብቻውን እንኳ ሁሉንም ያበላሻል። ሁለቱንም እግሩን አንድ ስዊች ላይ ከሰካችሁት ደሞ ቀለበት ተዘጋ። ተከራይታችሁ ያመጣችሁትን እቃ ሁሉ ኬብል ከመሰካታችሁ በፊት ሞዱን አንድ በአንድ እዩ፣ ይሄን እኔ አሁን ሳልሰለች እያንዳንዱ ስራ ላይ አደርገዋለሁ።

ለመለየት ሚረዳ ምልክት አለ። አድራሻ በአውቶማቲክ ከተተወና ኔትወርኩ ላይ አድራሻ ሚሰጥ ራውተር ከሌለ የዳንቴ እቃ በፕራይመሪ በኩል በ169.254 ሚጀምር፣ በሰከንደሪ በኩል በ172.31 ሚጀምር አድራሻ ይይዛል። ዳንቴ ኮንትሮለር ሚባለው ሶፍትዌር ላይ የእቃውን ሁለተኛ አድራሻ ከፍታችሁ 172.31 ካያችሁ ሪደንደንት ሞድ ላይ ነው፣ ሁለተኛ አድራሻ ጭራሽ ከሌለው አይደለም።

ሌላው፣ ባክአፕ ሚሰራው ሁለቱም ጫፍ ሁለት እግር ሲኖረው ነው። አንድና ሁለት ቻናል ያላቸው ትንንሽ አዳፕተሮች፣ ለምሳሌ አቪዮ ሚባሉት፣ አንድ መሰኪያ ብቻ ነው ያላቸው፣ ስለዚህ ፕራይመሪ ላይ ይሰካሉ፣ ፕራይመሪው ሲሞት እነሱም ይሞታሉ። ኮምፒውተር ላይ ሚጫነው ዳንቴ ቨርቹዋል ሳውንድካርድም ሪደንደንሲ የለውም። እና ብዙ ቦታ ለቀጥታ ስርጭት ሚወጣው ድምፅ በዛ አዳፕተር ወይ በዛ ኮምፒውተር ነው ሚወጣው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ምንም ሳይሰማ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰው ጸጥታ ይሰማል። የስርጭቱን መስመር ከሚክሰሩ በአናሎግ ማውጣት በጣም ቀላል መፍትሄ ነው፣ ሁለት ኤክስኤልአር ኬብል ብቻ።

ታብሌትም እንደዛው። ዋይፋዩ ፕራይመሪ ስዊች ላይ ከተሰካ ያ ስዊች ሲሞት ድምፁ ይቀጥላል፣ ታብሌታችሁ ግን ይጠፋል፣ ኢንጂነሩም መድረክ አጠገብ በታብሌት ሞኒተር እየሰራ ከነበረ እጁ ባዶ ይቀራል። ድምፁን ባክአፕ ስታደርጉ መቆጣጠሪያውንም አስቡበት።

ቪላን ሚባለውን ማነሳው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው፦ አንድ ስዊች ገዝቶ ግማሹን መሰኪያ ለፕራይመሪ ግማሹን ለሰከንደሪ መክፈል ይቻላል? ይቻላል፣ ይሰራልም። ኬብል ሲቆረጥ ያድናችኋል። ስዊቹ ሲሞት ወይ መብራቱ ሲሄድ ግን ምንም አያደርግም። ኬብል ከስዊች በላይ ስለሚበላሽ ገንዘብ ለሌለው ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ግን ሁለተኛ ስዊች ለመግዛት ሚበቃ ነገር ካላችሁ አትቆጥቡት።

ስዊቹን ስትመርጡ ጊጋቢት ይሁን፣ ኪውኦኤስ (ለድምፁ ቅድሚያ መስጫ) ይኑረው፣ እና ሃይል ቆጣቢ ኢተርኔት ሚባለውን ማጥፋት ሚቻልበት ይሁን፣ ያ ነገር ለድምፅ ክሎክ ጠላት ነው፣ ድምፁ ያለ ምክንያት ጠቅ ጠቅ ሲል መጀመሪያ ማየው እሱን ነው። ክሎክ ካነሳን፣ ዳንቴ ላይ አንዱ እቃ የጊዜ መሪ ይሆናል፣ እሱ ቢሞት ሌላው በራሱ ይተካዋል። ለመሪነት ተመራጭ ብላችሁ ምልክት ምታደርጉት ዩፒኤስ ላይ ያለውንና ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ማይጠፋውን እቃ ይሁን፣ አንድ ሰው ይዞት ሚመጣውን ላፕቶፕ ወይ ለዛ ቀን ብቻ የተከራያችሁትን ነገር አይሁን።

ሚላንና ሌሎቹ

ሚላን እንደ ዳንቴ ድምፅ በኔትወርክ ማስተላለፊያ ሲሆን በኤቪቢ (ለድምፅና ለምስል በወጣ የኢተርኔት ስታንዳርድ) ላይ የተሰራ ነው፣ አቭኑ አላያንስ በ2018 ያወጣው፣ ከጀርባው ኤል አኩስቲክስ፣ ዲኤንድቢ፣ ሜየር ሳውንድ፣ አዳምሶን ሚባሉት ስፒከር ሰሪዎች አሉ። የሱም ባክአፕ እንደ ዳንቴ ሁለት ኔትወርክ ላይ ሆኖ ድምፅ ሳይቋረጥ ነው ሚሰራው። ትልቁ ልዩነት ለድምፁ መንገዱን አስቀድሞ ቦታ ይይዝለታል፣ ስለዚህ ኪውኦኤስ እያላችሁ አትጨነቁም፣ ግን ስዊቹ ኤቪቢ ሚችል መሆን አለበት፣ ያ ደሞ የትም ሱቅ አይገኝም፣ ተበላሽቶ ቅዳሜ ማታ ምትተኩበት ነገር ላይኖራችሁ ይችላል። ለዛ ነው እኔ ስፒከራቸው በሚላን ካልመጣ በስተቀር እዚ ሀገር ላለ ቸርች ማልመክረው፤ ትርፍ ስዊች ማግኘት አለመቻል ራሱ አንድ ብልሽት ነው።

ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ምትሰሩ ደሞ ኤኢኤስ67 እና ራቬና ሚባሉ የኔትወርክ ድምፅ አሰራሮች ያጋጥሟችኋል። ኤኢኤስ67 በ2013 የወጣ ሲሆን እቃዎች እንዲግባቡ ሚያደርግ ነው እንጂ በራሱ ስለ ባክአፕ ምንም አይደነግግም፣ ባክአፑ ሚመጣው ኤስኤምፒቲኢ 2022-7 ከሚባለው ነው፣ ያም በሁለት መንገድ ልኮ በፓኬት ደረጃ መምረጥ ነው። ሀሳቡ ከዳንቴው ያው ነው።

ስዊች ማይፈልጉት

እዚ ሀገር ብዙ ቸርች ውስጥ ያለው ቤሪንገር ኤክስ32 ወይ ሚዳስ ኤም32 ሚክሰር ነው። እነሱ ኤኢኤስ50 ነው ሚጠቀሙት፣ በአንድ ኬብል 48 ቻናል በሁለቱም አቅጣጫ። ከኋላ ኤ እና ቢ ተብሎ ሁለት መሰኪያ ስላለ ብዙ ሰው አንዱ የሌላው ባክአፕ ይመስለዋል። አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ 48 ቻናል ነው፣ ሁለቱን ወደ አንድ ስቴጅ ቦክስ ብትሰኩም አንዱ ሲሞት ሌላው አይተካም። ስለዚህ ኤክስ32 ላላችሁ ምመክረው ሺልድ (የብረት መሸፈኛ) ያለው ጥሩ ኬብል ከብረት ኢተርኮን ጫፍ ጋር፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሺልድ ከሌለው ሰው ሰውነቱ ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይዞ ሲነካው እንኳ ሊቋረጥ ይችላል፣ ከዛ ሁለተኛው ኬብል በሌላ መንገድ ተዘርግቶ ዝግጁ ይቀመጥ፣ ከዛ ደሞ የሰባኪው ማይክና አንድ የዘማሪ ማይክ በቀጥታ ሚክሰሩ ጀርባ ባለው ግብአት ይግቡ። ይሄ የመጨረሻው ገንዘብ አይፈልግም። ስቴጅ ቦክሱ ቢሞት ቢያንስ ሰው መናገር ይችላል።

አለን ኤንድ ሂዝ ዲላይቭ ሌላ አይነት ነው። የድምፁን ማቀነባበር (ሂሳቡን) ሚሰራው ሚክሰሩ ሳይሆን መድረክ ጋ ያለው ሚክስራክ ስለሆነ ሰርፌሱ (ኢንጂነሩ ሚነካው ክፍል) ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ባለበት ይቀጥላል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ጊጋኤስ መስመርም በሁለት ኬብል ይሰራል። ያማሃ ሲኤል ወይ ኪውኤል ላይ ግን ሂሳቡ ሚክሰሩ ውስጥ ነው፣ ሪዮው ማስገቢያና ማስወጫ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሚክሰሩ ሲሞት ኔትወርኩ የፈለገውን ያህል ሪደንደንት ይሁን ድምፅ የለም። ይሄን ልዩነት ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት፣ ሻጩ አይነግራችሁም። ትልልቅ ኮንሰርት ላይ ሚታየው ዲጊኮ ኳንተም 7 ሚክሰር አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ኢንጂን አለው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይረከባል፣ ኦፕቶኮር ሚባለው ፋይበርም በቀለበት ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ቢቆረጥ ይቀጥላል። ማዲ ሚባለው ዲጂታል መስመር ደሞ እድሜው የገፋ ቢሆንም 64 ቻናል በአንድ ኮአክሲያል ኬብል ያመጣል፣ ሁለተኛ ኬብል ሚቀበሉ ሬኮች አሉ፣ አይፒ ምናምን ሚባል ነገር ስለሌለው ሴቲንግ ሚቀይርበት ሰው የለም።

አናሎግን አትናቁት

እኔ በግሌ ከሁሉም ምወደው ባክአፕ ይሄ ነው። ብዙ ትልልቅ አምፕሊፋየሮች የግብአት ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይችላሉ፦ መጀመሪያ ዳንቴን ወይ ሚላንን ስማ፣ ከጠፋ ኤኢኤስን (የዲጂታል ግብአቱን) ስማ፣ ከጠፋ አናሎግን ስማ። ላብ ግሩፐን ፒኤልኤም ይሄን ያደርጋል፣ ሌሎችም አሉ። ከሚክሰሩ ግራና ቀኝ ሁለት ኤክስኤልአር ወደ አምፕ ትዘረጋላችሁ፣ ያው ድምፅ በሁለቱም ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ሲሞት አምፑ በራሱ ወደ አናሎግ ይዞራል። ጥንካሬው ከኔትወርኩ ጋር ምንም ሚጋራው ነገር ስለሌለ ነው። ሶፍትዌር ሲሳሳት፣ ሰው አድራሻ ሲቀይር፣ ክሎክ ሲበላሽ፣ ቅድም ያልኳቸው ሁለት ኔትወርኮች ሁለቱም አንድ አይነት ስህተት ሊሰሩ ይችላሉ፣ አናሎጉ ኬብል ግን ስለዚህ ሁሉ አያውቅም። የድምፅ መጠኑን ግን አስተካክሉት፣ አናሎጉ ሲገባ ድምፁ ባንዴ ከፍ ብሎ ሰው እንዳይደነግጥ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን በጆሮም በመለኪያም እዩ። የመዘግየቱን ጊዜም እንዲሁ፣ ዳንቴ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው ሚተወው፣ አናሎጉ እሱን አይጠብቅም፣ አንዱ ስፒከር በዳንቴ ሌላው በአናሎግ ሲሰራ ልዩነቱ ይሰማል።

መብራት

ስዊች ሚበላው ጥቂት ዋት ነው፣ ትንሽ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል። ሚክሰርና ስቴጅ ቦክስም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፣ አምፕሊፋየር አይሁን፣ እሱ ዩፒኤሱን በአፍታ ይጨርሰዋል። ምክንያቱ መብራቱ ሄዶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ዲጂታል ሚክሰር ከጠፋ ተመልሶ እስኪነሳ፣ ኔትወርኩ እስኪተዋወቅ፣ ክሎኩ እስኪስማማ ያለው ጊዜ ነው ሚጎዳው። አምፑ በሰከንዶች ይመለሳል፣ ሚክሰሩ ተነስቶ ካልጠበቀው ግን ምን ዋጋ አለው።

ሁለት የመብራት መግቢያ ያለው እቃ ካላችሁ፣ ሁለተኛው ትውልድ ሪዮዎች ለምሳሌ እንደዛ ናቸው፣ አንዱን ዩፒኤስ ላይ ሌላውን በስታቢላይዘር በኩል በቀጥታ መስመር ላይ ስኩት። ሁለቱንም ዩፒኤስ ላይ አታድርጉ፣ ዩፒኤሱ ራሱ ባትሪው ያረጀ ቀን ሁለቱም ይሄዳሉ። ስዊቾቹም ሁለት ከሆኑ ሁለት ዩፒኤስ። ዲቫይደሩን ደሞ በቴፕ ጠቅልላችሁ በትልቁ "አይነቀልም፣ ሳውንድ" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት፣ እኔ አሁን እያንዳንዱ ላይ እጽፋለሁ።

እና የቱን ልምረጥ?

እስከ አምስት መቶ ሰው ሚይዝ አዳራሽ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ስቴጅ ቦክስ፦ ሁለት ኔትወርክ አትገንቡ። ጥሩ ኬብል፣ በሌላ መንገድ የተዘረጋ ትርፍ ኬብል፣ ዩፒኤስ፣ ሁለት ማይክ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ። የቀረውን ገንዘብ ለስፒከር ወይ ለልጆቹ ስልጠና አውሉት።

ትልቅ ቸርች ሆኖ ቀጥታ ስርጭት ያለው፣ ለሞኒተር ለብቻ ሚክሰር ያለው፣ ዳንቴ ላይ ያለ ከሆነ፦ ፕራይመሪና ሰከንደሪ በሁለት ስዊች፣ በሁለት ዩፒኤስ፣ አምፑ ላይ የአናሎግ ባክአፕ፣ ስርጭቱ በአናሎግ። ቀለበት አልመክርም፣ በዛው ዋጋ ማይቋረጠውን ማግኘት እየተቻለ ሰከንድ ሚያቋርጥ ነገር ለምን።

ስብሰባ አዳራሽ፣ በተለይ በብዙ ቋንቋ ትርጉም ሚካሄድበት፦ እዛ ላይ ሙዚቃ የለም፣ የአንድ ሰከንድ መቋረጥን ሰው ይታገሳል፣ የአስተርጓሚው መስመር ለአስር ደቂቃ ከጠፋ ግን ስብሰባው ይቆማል። ስለዚህ ፍጥነት ሳይሆን ሰፊ ሽፋን ነው ሚያስፈልገው፣ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ያለው ማኔጅድ ስዊች በቂ ሊሆን ይችላል፣ ትርፍ ስዊች ኮንፊገሬሽኑ ተጭኖበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ።

እቃ ምታከራዩ፦ ሁለት ኔትወርክ፣ ግን ሁለቱን በቀለም ለዩ። ፕራይመሪ ሁሌም ሰማያዊ ኬብል፣ ሰከንደሪ ሁሌም ቀይ፣ ስዊቹም፣ መሰኪያውም በዛው ቀለም ቴፕ። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲስተም ሚተክለው ልጅ ማኑዋል አያነብም፣ ቀለም ያያል። እናንተ ጋ ሳውንድ ቼክ ሚደረግበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ሴቲንግ ሚፈልግ ነገር በበዛ ቁጥር ስህተት ይበዛል፣ በዛ ምክንያት ርቀቱ አጭር ሲሆን እንደ ማዲ ያለ ወይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሚሄድ መስመር ከዳንቴ ሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከመረጣችሁ በኋላ ፈትኑት

ሳውንድ ቼክ ላይ ባንዱ እየተጫወተ ፕራይመሪ ስዊቹን ከመብራት ንቀሉት። ኬብል ሳይሆን መብራቱን። አንድ ሙሉ ዘፈን እስኪያልቅ ሳትመልሱት ቆዩ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ችግር ሚታየው ወዲያው ሳይሆን ክሎኩ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ነው። ያኔ ዞሩ፦ ሞኒተር አለ? ስርጭቱ አለ? ታብሌቱ ይሰራል? ቀረጻው ቀጥሏል? ያልሰራውን ጻፉ። ከዛ መልሱትና ሲመለስም አዳምጡ፣ መመለሱ ላይ ሚቋረጥ ሲስተም አይቻለሁ። ቀጥሎ ሰከንደሪውን እንደዛው። ቀጥሎ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉና ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደያዘ በሰዓት ለኩ፣ ቁጥሩን ዩፒኤሱ ላይ ከነቀኑ ለጥፉት፣ በስድስት ወር ድጋሚ ስትለኩ ምን ያህል እንደቀነሰ ታያላችሁ።